ሸርጣን አለኝ በራንጉን

ነገር ነገርን ያነሳዋልና ከመነሻው ልጀምር። ዘንድሮ ለዳግም ትንሣኤ ጥቂት ወዳጆች ቦስተን ከሚገኘው ቤቴ ተሰብስበን ነበር። ስብስባችንን ብታዩት የእናንተው ሳሎን ይመስላችኋል፤ አንድ የሕክምና ዶክተር፣ አንድ የሥነ ልሳን ዶክተር፣ አንድ መሐንዲስ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርና እኔ። ዶሮው ተበልቷል፣ ጠጁ ተቀድቷል፣ እኛም እንደ ልማዳችን አገር ስናፈርስና ስንገነባ አመሸን። የ16 ዓመቷ ልጄ ወሬያችንም ወጣችንም ሰልችቷት ኖሮ ከአንድ የቻይና ምግብ ቤት በስልኳ አዘዘችና በቡናማ ከረጢት መጣላት። ከረጢቱን ስትከፍተው ስድስት ወርቃማ ነገሮች ብቅ አሉ፤ መሐላቸው ያበጠ፣ አራት ጥጋቸው እንደ ኮከብ ጨረር የቆመ። ክራብ ራንጉን ይባላል። ክራብ ማለት ሸርጣን ነው።

የሥነ ልሳን ዶክተሩ ወዳጄ አንዱን አንስቶ እንደ ጥንት ብራና እያገላበጠ መረመረውና ፍርዱን ሰጠ፦ «ይህ የቻይና ምግብ አይደለም። ሸርጣንም የለበትም። ከራንጉንም አልመጣም። ባጭሩ ፌክ ነው!» ሁላችንም ሳቅን። ልጄ አልሳቀችም። አንዱን ጎርሳ ከጨረሰች በኋላ ረጋ ብላ፣ «ኦኬ፣ ግን ጥሩ አድርጎ የሚሠራው የትኛው ቤት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ጸጥ አልን። አምስት የተማሩ ሰዎች ስለ ምግቡ ትውልድና የዘር ሐረግ የምንለው ሞልቶን ነበር፤ ስለ ጣዕሙ ግን አንዳችንም የምንለው አልነበረንም። እንዲያውም ከአምስታችን ሦስታችን ቀምሰነው አናውቅም! ፈራጁ ወዳጄም ቢሆን ያገላበጠውን ሳይቀምስ ነበር ወደ ከረጢቱ የመለሰው።

ያን ምሽት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። በማግስቱም የልጄን ጥያቄ ለመመለስ ተነሣሁ። ጊዜው የተመቸ ነበር፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምምና አይብ አይከለከልም። በነዚያ ሳምንታት በቦስተንና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች 14 ምግብ ቤቶች ገብቼ ያንኑ አንድ ምግብ በላሁ። «አገር እንዲህ ሆና ሳለ ይህ ሰውዬ ስለተጠበሰ ሊጥ ይጽፋል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ታግሠው እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ፤ ከጨረሱ በኋላም ከተቆጡ ቁጣዎን በጸጋ እቀበላለሁ።

ስሙና ዘሩ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዚህን ምግብ ስም ያወጣው ግን የመጠጥ ቤት ባለቤት ነው። ቪክቶር በርጀሮን እ.ኤ.አ. በ1902 ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደ ሰው ነው። በልጅነቱ በሳንባ ነቀርሳ በሽታ ምክንያት አንድ እግሩን አጥቷል፤ ለደንበኞቹ ግን «ሻርክ በላብኝ» እያለ ያወራ ነበር ይባላል። በ1934 ኦክላንድ ውስጥ አንዲት ትንሽ መጠጥ ቤት ከፈተ፤ ቆይቶም ስሟን «ትሬደር ቪክስ» አላት። ቤቷን በቀርከሃና በእንጨት ጣዖታት አስጌጣት፣ ሮም እየደባለቀ ሸጠባት፣ አሜሪካኖችም ሄደው የማያውቁትን የፓስፊክ ደሴቶች ሕይወት እዚያው ተቀምጠው እንዲያልሙ አደረጋቸው። ማይ ታይ የተባለውን መጠጥ በ1944 ፈጠርኩት የሚለውም እሱ ነው። ክራብ ራንጉን በዚሁ ሰው ምግብ ቤቶች ዝርዝር ላይ በ1950ዎቹ አጋማሽ ይገኛል።

ራንጉን ያኔ በ1948 ከእንግሊዝ ነጻ የወጣችው የበርማ ዋና ከተማ ነበረች። በ1989 ወታደራዊው መንግሥት የከተማዋን ስም ያንጎን፣ የአገሪቱንም ምያንማር አለው፤ በ2006 ደግሞ ዋና ከተማነቱ ወደ ኔፒዶ ዞረ። እንግዲህ ከተማዋ ስሙን ጥላዋለች፣ መንግሥቱም ከተማዋን ትቷታል፤ የአሜሪካ ምግብ ቤቶች ግን «ራንጉን» ማለታቸውን አልተዉም። ከበርማ ወጥ ቤት ጋር ዝምድና ይኖረው እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይመልከት፤ የምግቡ ሆድ የተሞላው በክሪም ቺዝ ነው።

ክሪም ቺዝ የተጀመረው በ1872 በኒው ዮርክ ግዛት ቼስተር በምትባል ከተማ ዊሊያም ሎውረንስ በተባለ የወተት ነጋዴ እጅ ነው። ከ1880 ጀምሮ ግን «ፊላደልፊያ» በሚል ስም ተሸጠ። የተሠራው ፊላደልፊያ አልነበረም፤ ስሟ የተወሰደው በወተት ውጤቶቿ ጥራት ዝነኛ ስለነበረች ነው። በውሸት ስሙ ውስጥ ሌላ የውሸት ስም ተሸፍኖ ተጠብሷል ማለት ነው።

ሸርጣኑስ? በአብዛኞቹ ቤቶች ሱሪሚ ነው። ነጭ ሥጋ ካለው ፖሎክ ከሚባል ዓሣ ይዘጋጃል፤ ዓሣው ታጥቦ ይፈጫል፣ ስታርች፣ የእንቁላል ነጭና ስኳር ይገባበታል፣ ከላይ ቀይ ቀለም ይቀባል። ጃፓኖች ከጥንት ጀምሮ ዓሣ ፈጭተው ሲያረጉ የኖሩ ቢሆንም ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ የምናየው የሸርጣን እግር አምሳያ የ1970ዎቹ ፈጠራ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ብቻ የሚገባ አንድ ቀልድ አለ። በኦሪት ዘሌዋውያን ሕግ በውኃ ከሚኖሩት የሚበላው ክንፍና ቅርፊት ያለው ነው፤ ሸርጣን ሁለቱም የሉትም፤ ፖሎክ ግን ሁለቱም አሉት። እንግዲህ በኦሪቱ ከተዳኘ ሐሰተኛው ሸርጣን ከእውነተኛው ይልቅ ንጹሕ ነው! ይህን ግኝቴን ለንስሐ አባቴ በኩራት ባቀርብላቸው ሁሉንም በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህን ያህል ከምትመራመር ብትተወው አይቀልህም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አንዳንድ ፋብሪካዎች ለሽታው ሲሉ የእውነተኛ ሸርጣን ጭማቂ ጠብ ያደርጉበታልና ፓኬቱን ሳያነቡ መመካት አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቻይናዊ የሆነው ምንድነው? ዋንተን የሚባለው ስስ የስንዴ ሊጥና የሚጠብሰው እጅ ነው። እጁ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካ በ1882 ባወጣችው ሕግ ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ ዘጋች፤ ሕጉ እስከ 1943 ቆየ። ነጋዴዎች ግን ይፈቀድላቸው ነበር፤ በ1915 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የምግብ ቤት ባለቤትም ነጋዴ ነው ሲል ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤት መክፈት የእንጀራ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የመግቢያ ወረቀት ሆነ። ቪዛው በምድጃው ላይ የተንጠለጠለ ሰው ደንበኛው የሚወደውን ያበስላል እንጂ ስለ አያቱ ወጥ አይከራከርም። በ1958 ካምብሪጅ ውስጥ ምግብ ቤት የከፈቱት ጆይስ ቼን የአገራቸውን የተጠቀለለ ሊጥ «ፔኪንግ ራቪዮሊ» ብለው ሰየሙት፤ ጣሊያኖች በበዙበት ከተማ የሚገባው ስም እሱ ነበርና። ቦስተን ዛሬም በዚሁ ስም ትጠራዋለች። እንጀራን «ጎምዛዛ ፓንኬክ» እያልን ስናስተዋውቅ የኖርን ሰዎች በዚህ የምንስቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ከጋራዡ እስከ ቻይናታውን

እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ ለዚህ ምግብ እንግዳ አልነበርኩም። በ1990ዎቹ ቀን ዩኒቨርሲቲ እየተማርኩ ማታ መኪና ማቆሚያ እሠራ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስንወጣ ክፍት የሚሆነው ቻይናታውን ብቻ ነው። በ1982 የቆመውን የአንበሶቹን በር አልፈን ቢች ስትሪት ስንገባ የታክሲ ነጂው፣ የጋራዡ፣ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሐበሻ ሁሉ እዚያ ነው። ያን ሰፈር እንወደው የነበረው በርካሽነቱ ብቻ አልነበረም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አውራ ጎዳናዎች ሲሠሩ ግማሽ አካሉ ተቆርጦ የወሰዱበት ሰፈር ነው፤ የቀረችውን ይዞ ሌሊቱን ሙሉ መብራት አብርቶ ይጠብቀናል።

ከእኛ ጋር አንድ የቀድሞ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና ጋራዡ ውስጥ የቲኬቷ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው እንኳ ጀርባቸው እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ነበር። አንድ ሌሊት እኔ «ባለ አይብ ሳምቡሳ» መስሎኝ ያዘዝኩትን ክራብ ራንጉን አንዱን ቆርሰው ውስጡን አዩ። ምጽዋ ላይ ሸርጣን ምን እንደሚመስል አሳምረው ያውቃሉ። «ይህ ሸርጣን ከሆነ እኔ አድሚራል ነኝ» አሉና ጎረሱት። ከዚያም ሌላ ሰሐን አዘዙ። ዛሬ ሳስበው ከእኛ ሁሉ የተሻሉ ሃያሲ እሳቸው ነበሩ፤ ውሸቱን በስሙ ጠሩት፣ ጣዕሙንም አልካዱትም።

ሚዛኑ

መመዘኛዬ አራት ነበር፤ ሊጡ፣ ሆዱ፣ ዘይቱና ማጥቀሻው። ሁልጊዜ እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ከዘይት በወጣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ የመጀመሪያውን ያለ ማጥቀሻ እበላለሁ። ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። በአይቡ ውስጥ ያለው እርጥበት ሊጡን ከውስጥ ወደ ውጭ ያላሽቀዋል፤ በከረጢት ታፍኖ ሲጓዝማ የገዛ እንፋሎቱ ይቀቅለዋል። ወዳጄ ዳግም ትንሣኤ ዕለት የዳኘው፣ ቢቀምሰው ኖሮ እንኳ፣ ምግቡን ሳይሆን የምግቡን ሬሳ ነበር።

ዘይቱ ወደ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። ከቀዘቀዘ ሊጡ ዘይት ይጠጣል፤ ከጋለ ጥጎቹ ሲያሩ መሐሉ እንደ በረዶ ይቀራል። አጣጣፊው አየር ካስቀረበትም ይፈነዳና አይቡ ዘይቱ ውስጥ ይበተናል። ሳምቡሳ የጠበሰች እናት ያላችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ።

ከአራቱ ሌላ አንድ ጥያቄ ለየቤቱ አቀርብ ነበር፤ «እናንተ ራሳችሁ ትበሉታላችሁ?» ይህ ጥያቄ ከአራቱ መመዘኛዎች ሁሉ ይልቅ የሚያጋልጥ ሆኖ አገኘሁት።

የቤቶቹን ስም አልጠቅስም። የተቸሁት ቤት የሰው እንጀራ ነው፤ ያመሰገንኩትም በማስታወቂያ እንዲታማ አልፈልግም። ሰፈር ሰፈሩን ግን እናገራለሁ።

ፍርዱ

ከቻይናታውን ልጀምር። በአንዱ ቤት ዝንጅብልና የሽንኩርት ቅጠል ተነስንሶበት በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ በላሁ፤ በሕይወቴ ከበላኋቸው ምርጥ ዓሣዎች አንዱ ነው። የዚያው ወጥ ቤት ክራብ ራንጉን ግን ከ14ቱ የመጨረሻው ነበር፤ ሊጡ እንደ ቆዳ የደነደነ፣ ሆዱ ባዶ፣ ዘይቱም ያረጀ። አስተናጋጁን ያችን ጥያቄ ብጠይቀው ፊቱን አጨማደደና፣ «አሜሪካኖች ስለሚጠይቁ ነው የምንሠራው» አለኝ። ነገሩ ገባኝ። ባለሙያው ችሎታ አላነሰውም። የጠላው ምግብ ነው፤ ከምግቡም ጋር አዛዡን ይንቃል። ንቀት ደግሞ እንደ ጨው ነው፤ ቀማሹ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ዓይነት ከከተማው ወጣ ብሎ በሶገስ በኩል በሚያልፈው አውራ ጎዳና ቁጥር 1 ዳር ያለው የድሮው የበርጀሮን ዘመን ቅሪት ነው፤ በ1950 «ማንዳሪን ሃውስ» ተብሎ ተከፍቶ ቆይቶ «ካውሉን» የተባለው ግዙፍ ቤት ለዚህ ዓይነቱ ዘይቤ በአካባቢው ሁሉ ምሳሌ ነው። የዚህ ወገን ቤቶች ክራብ ራንጉንን ለብቻው ሳይሆን ፑ ፑ ፕላተር በሚባል ሰፊ ገበታ ላይ ያቀርቡታል፤ ቃሉ ከሃዋይ ቋንቋ የመጣ ነው። መሐሉ ላይ ትንሽ እሳት ይነዳል፣ ዙሪያውን የተለያየ ጥብስ ይደረደራል፣ ቤተሰቡ ከበው በእጃቸው እያነሱ ይበላሉ። አንድ እሑድ ማታ አጠገቤ ከአያት እስከ ሕፃን ዘጠኝ ሆነው አንድ ገበታ የከበቡ የአየርላንድ ዘር ቤተሰብ ሳይ፣ «መሶብ የለንም» ብለው የሚያዝኑ አሜሪካኖች መሶብ እንዳላቸው አየሁ። የራንጉኑ ጣዕም መካከለኛ ነው። ገበታው ግን ማለፊያ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ትምህርት የሰጠኝ ነው። በመሐል ከተማ አንድ አዲስና ውድ ቤት አለ። አራት ፍሬ በ19 ዶላር ይሸጣል፤ ሸርጣኑ እውነተኛ መሆኑ በደማቅ ቀለም ተጽፏል። ለአንድ አፍታ የሥነ ልሳን ዶክተሩ ትዝ አለኝና «ይኸው ኦሪጅናሉ!» ብዬ ጎረስኩ። አዘንኩ። የእውነተኛ ሸርጣን ሥጋ ስስ ነው፣ ውኃም ያወጣል፤ ውኃው ሊጡን አላሽቆታል፣ ያ የባሕር ጣዕምም በአይቡ ተውጦ የት እንደገባ አይታወቅም። ሁለት ጥሩ ነገሮች ተገናኝተው ተጠፋፍተዋል። ርካሹ ሱሪሚ ግን ጣፈጥ ያለና ጠንከር ያለ ስለሆነ ከአይቡ ጋር ተከባብሮ ይኖራል። ይህ ምግብ ከመጀመሪያ የታሰበው በማን ሸርጣን እንደሆነ የበርጀሮን ምግብ አብሳዮች ይጠየቁ፤ ዛሬ ባለበት ሁኔታ ግን «ኦሪጅናሉ» ጎድቶታል እንጂ አልጠቀመውም።

በአራተኛው ወገን በኦልስተን፣ በሞልደን፣ በኩዊንሲና በዶርቸስተር ያሉ ጠባብ የመንገድ ዳር ቤቶችን አስገባለሁ። አብዛኞቹ አንድ ስህተት ይሠራሉ፤ አይቡ ውስጥ ስኳር ይከታሉ። ከዚያ ላይ ብርቱካንማው ጣፋጭ ማጥቀሻ ሲጨመርበት ምግብ መሆኑ ይቀርና ከረሜላ ይሆናል። ልጄ የምታዝበት፣ ትምህርት ቤቷ አጠገብ ያለው ቤትም ከነዚሁ አንዱ ነው።

አንደኛ የወጣው በዶርቸስተር፣ ቬትናሞች በበዙበት ሰፈር፣ በአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ጎን ያለ አራት ወንበር ብቻ ያለው ቤት ነው። አንዲት አረጋዊት ቻይናዊት ከመስኮቱ ኋላ ተቀምጠው ያጣጥፋሉ። ስድስቱ 9 ዶላር ነው። ሱሪሚውን በስሱ ከትፈውታል፣ የሽንኩርት ቅጠል ትንሽ ጣል አድርገዋል፣ ስኳር የለም። ያጣጠፉትን ከማቀዝቀዣ አውጥተው ቀዝቃዛውን ወደ ዘይት ስለሚከቱት ሊጡ ተንኮሻኩሾ ሲያልቅ አይቡ ገና መለስለሱ ነው። ጥጎቹ በጥርስ ሲነኩ እንደ ቆሎ ይሰማሉ። ያችን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ሳቁና፣ «ማታ ስዘጋ ለራሴ ሁለት እጠብሳለሁ። ከሁለት በላይ ሐኪሙ ከልክሎኛል» አሉኝ።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

ይህን ሁሉ ከራሳችን ቤት ለይቼ ማየት አልቻልኩም። በስደት ያሉ ምግብ ቤቶቻችን ውስጥ ሁለት ድስት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዱ ለፈረንጅ፣ አንዱ ለእኛ። ለፈረንጁ የሚቀርበው ወጥ በርበሬው ስለቀነሰ አይደለም የማይጥመው። አብዛኛውን ጊዜ «እነሱ ምን ያውቃሉ» ተብሎ ስለተሠራ ነው። ያ የቻይናታውን ባለሙያ ራንጉኑን የሚጠብሰው እኛ «ኮምቢኔሽን» በምንደረድርበት ልብ ነው።

ሌላም አለ። ስደት እንደ ጀመርን ጤፍ በማይገኝበት ዘመን እናቶቻችንና እህቶቻችን በስንዴ ዱቄት፣ በገብስ፣ አንዳንዴም በሶዳ ውኃ እየሞከሩ እንጀራ ጋገሩ። በ1980ዎቹ አንድ አሜሪካዊ ገበሬ በአይዳሆ ጤፍ ማምረት ጀምሮ ነገሩ እስኪቀል ድረስ ልጆቻችንን ያሳደግነው በዚያ እንጀራ ነው። ያን እንጀራ ፌክ የሚል ካለ የሠሩትን እጆች ይይ። ነገር ግን በስንዴ ጋግሮ ፓኬቱ ላይ «መቶ በመቶ ጤፍ» ብሎ የሚጽፍ ነጋዴ ሲመጣ ነገሩ ሌላ ይሆናል። የመጀመሪያው አዲስ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ሐሰት ነው።

እኛ የምንስተው ይህን ልዩነት ይመስለኛል። ክራብ ራንጉን አዲስ ነው፤ የኖረ ሰባ ዓመት ነው፤ ወላጆቹ የኦክላንድ መጠጥ ቤት፣ የኒው ዮርክ ወተትና የቻይናዊ ስደተኛ እጅ ናቸው፤ በዚህ የሚያፍርበት ነገር የለም። ሱሪሚ እያቀረቡ ዝርዝሩ ላይ «ሸርጣን» ብሎ ብቻ መጻፍ ግን ሐሰት ነው። ሃይማኖቱ የከለከለው ሰው አለ፣ አንድ ጉርሻ ጉሮሮውን የሚዘጋበት ባለ አለርጂ አለ፤ ስለዚህ ምን እንደሚበላ የማወቅ መብት አለው። ከ14ቱ ቤቶች ሱሪሚ መሆኑን በግልጽ የጻፉት ሦስት ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ወዳጄ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ጽሑፉን ሲከስ ልክ ነበር፤ ምግቡን ሲከስ ግን ስቷል።

ምግብ በመንገድ ላይ ሲለወጥ መመለሻው እንደሚከብድም የታወቀ ነው። በዓለም ዙሪያ «የጄኔራል ጾ ዶሮ» የሚባለውን የፈጠሩት ፔንግ ቻንግ ኩዌ የሁናን ሰው ናቸው፤ ምግቡን የሠሩት በስደት ታይዋን ውስጥ፣ በ1950ዎቹ ነው። በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ ሲመጡ አጣፈጡት። በመጨረሻም በ1990 ወደ ሁናን ተመልሰው ምግብ ቤት ቢከፍቱ የአገራቸው ሰው «ይህ እጅግ ይጣፍጣል» ብሎ አልቀበል አላቸው፤ ቤቱም ተዘጋ። በ2016 ሲሞቱ ምግባቸው ከአገራቸው ይልቅ በባዕድ አገር የታወቀ ነበር። ሻንጣችንን ሸክፈን «አንድ ቀን እንገባለን» ለምንል ሰዎች ይህ ታሪክ የሚያስቀን አይመስለኝም።

ያን ምሽት እንቅልፍ የነሣኝም የምግቡ ክርክር አልነበረም። «ፌክ» የሚለውን ቃል እንዴት ባለ ቅለት እንደምንወረውረው ነው። እዚህ ተወልደው ያደጉትን ልጆች ሰላምታቸውን፣ እስክስታቸውን፣ አማርኛቸውን ሰምተን ከንፈር ስንመጥ የምንጠቀምበት ሚዛን ያው ሚዛን ነው። ከየት መጣ እንላለን እንጂ ምን ይጥማል አንልም። ልጄ ያን ዕለት ያልሳቀችው ለዚህ ይሁን አይሁን አልጠየቅኳትም። ፈራሁ።

የሐዋርያት ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ዶርቸስተር ይዣት ሄድኩ። አሮጊቷ ስድስት አውጥተው ሰጡን። ልጄ የመጀመሪያውን ያለ ማጥቀሻ በላች፤ ይህን ቢያንስ ተምራልኛለች። ሁለተኛውን በላች። እኔ እንደ ፈተና አራሚ ፊቷን እጠባበቃለሁ።

«ይሄኛው ይበልጣል» አለች በእንግሊዝኛ። ከዚያም በአማርኛ፣ «የእኔ ግን ያኛው ነው»። ያኛው የምትለው ትምህርት ቤቷ አጠገብ ያለውን፣ ስኳር የበዛበትን፣ እኔ አሥራ አንደኛ ያወጣሁትን ነው።

አፌን ልከፍት አልኩና ተውኩት። ስድስት ሳምንት ያህል 14 ቤት ዞሬ ያልደረስኩበትን ፍርድ እሷ በሁለት አረፍተ ነገር ጨርሳዋለች፤ የሚበልጠው አንድ ነው፣ የእኔ የምትለው ደግሞ ሌላ፤ ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ራሴ ያደግኩበት የእናቴ ሽሮ ከአዲስ አበባ ሽሮዎች ሁሉ አንደኛ እንዳልነበረ ልቤ ያውቃል፤ ግን የእኔ ነው።

የሥነ ልሳን ዶክተሩ ወዳጄ ይህን ጽሑፍ አስቀድሜ ልኬለት ነበር። «አሁንም ፌክ ነው» ብሎ መለሰልኝ፤ ከሥሩም አድራሻውን ጠየቀ። ጾሙ ሐምሌ 5 ይፈታልና ያኔ እወስደዋለሁ። እዚያው፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ መጀመሪያ ያለ ማጥቀሻ።

ቸር ይግጠመን።